ድንጋይ የጠበቀው ዝንብ

በ12ኛ ክፍል ተማሪ

የነገሥታትን ታሪክ የሚያጠና ሰው ብራና ይገልጣል፤ በሐውልት ላይ የተቀረጸውን ያነብባል፤ ሽማግሌዎችን ይጠይቃል። ነገር ግን ብራና ከመፋቁ፣ ሐውልትም ከመቆሙ፣ ሰውም ራሱ በምድር ላይ ከመታየቱ እጅግ አስቀድሞ የነበረውን ዘመን ለማወቅ የሚሻ ሰው ማንን ይጠይቅ? የሚጠየቀው ድንጋይ ነው። የአንዳንዱ ድንጋይ መልስ የዝሆን ወይም የአዞ አጥንት ነው፤ የአንዳንዱ ድንጋይ መልስ ግን ከጣት ጥፍር የማትበልጥ የዝንብ ክንፍ ናት። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ ያሰብሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው መልስ ነው፤ ይኸውም በጥንታዊ ደለል ድንጋይ ውስጥ ተቀብረው ስለ ተገኙት ነፍሳት ነው። ነፍሳት ስል ስድስት እግር ያላቸውን፣ ሰውነታቸውም በራስ፣ በደረትና በሆድ የተከፈለውን፣ እንደ ዝንብ፣ እንደ ንብ፣ እንደ ምስጥና እንደ ፌንጣ ያሉትን ፍጥረታት ማለቴ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ከዝንብ ምን ታሪክ ይገኛል?» ይሉኝ ይሆናል። በእርግጥም ዝንብ በሁላችን ዘንድ የተናቀች ናት። ሆኖም ከናቅነው ነገር ታላቅ ትምህርት ሊገኝ እንደሚችል ለማስረዳት አንድ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ስፍራ መርጫለሁ። ስፍራውም በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት የሚገኘው ፍሎሪሳንት ነው። ከዚያም በኋላ አንባቢዎቼን ወደ አገራችን ደጋ እመልሳለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ነፍሳት በድንጋይ ውስጥ እንዴት ይቀራሉ?

በጥንት ዘመን የኖረ የእንስሳ ወይም የተክል አካል፣ ወይም የአካሉ ምልክት፣ በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ ሲገኝ ቅሪተ አካል ይባላል። አጥንትና ጥርስ ጠንካሮች ስለ ሆኑ ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። ነፍሳት ግን አጥንት የላቸውም፤ ሰውነታቸውን የሚደግፈው ካይቲን ከሚባል ነገር የተሠራው ቀጭን የውጭ ቅርፊታቸው ነው። አንዲት ዝንብ በመስኮት ሥር ሞታ ብንተዋት በጥቂት ቀን ትደርቃለች፤ ጉንዳን ይወስዳታል፤ ጉንዳን ባይወስዳትም በጣት ሲነኳት ትፈርሳለች። ታዲያ ይህች ደካማ ፍጥረት ሚሊዮን ዓመታትን ለመቆየት እንዴት ቻለች?

ለዚህ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ጸጥ ያለ ውሃ ነው፤ የሚወርድ ወንዝ የወደቀበትን ነገር እያላጋ ይሰባብራልና። ሁለተኛው እንደ ዱቄት የላመ ጭቃ ነው፤ በአሸዋና በጠጠር ውስጥ የዝንብ ክንፍ ጅማት ሊታተም አይችልም። ሦስተኛው ፈጥኖ መቀበር ነው፤ አየር የማያገኘው አካል ቶሎ አይበሰብስም፤ የሚበላውም ተውሳክ ያንሳል።

የዚህን ነገር ጥቂት ምሳሌ በየክረምቱ እናያለን። ጎርፍ ካለፈ በኋላ በቦይ ውስጥ ለስላሳ ጭቃ ይቀራል። በዚያ ጭቃ ላይ የሄደች ወፍ የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ አትማ ትሄዳለች፤ በጠጠር ላይ ብትሄድ ግን ምንም ምልክት አትተውም። በሐይቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ጭቃ በየጊዜው አንዱ በአንዱ ላይ ሲነጠፍ፣ የላይኛው ክብደት የታችኛውን ሲጫነው፣ ውሃውም ተጨምቆ ሲወጣ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ጭቃው ደለል ድንጋይ ይሆናል። ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣው የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ ግን ያገኘውን ነፍስ ሁሉ አቃጥሎ ስለሚያጠፋ እንዲህ ያለ ማኅደር ሊሆን አይችልም።

የፍሎሪሳንት ሐይቅ

ፍሎሪሳንት ዛሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ያለው የተራራ ሸለቆ ነው፤ በከፍታው ከአዲስ አበባ ጋር ይቀራረባል፤ ክረምቱ ግን በረዶ የሚወርድበትና እጅግ ብርድ ነው። ከ34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የአየሩ ጠባይ ከዛሬው የሞቀ ነበር። በሸለቆው ወንዝ ይፈስ ነበር፤ በዳርና በዳሩም ሬድውድ የሚባሉ እጅግ ረጃጅም ዛፎች በቅለው ነበር። የእነዚህ ዛፎች ጉቶዎች ወደ ድንጋይነት ተለውጠው ዛሬም ይታያሉ፤ የትልቁ ጉቶ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 4 ሜትር ያህላል።

ከሸለቆው በስተ ደቡብ ምዕራብ ጋፊ የሚባል እሳተ ገሞራ ነበረ። የተራራው አመድና ድንጋይ ከውሃ ጋር ተደባልቆ እንደ ቡኮ የወፈረ የጭቃ ጎርፍ ሆኖ ወረደና ወንዙን ገደበው። ከግድቡ በስተኋላም ውሃው ተጠራቅሞ ሐይቅ ሆነ። በሐይቁ ውስጥ ዲያቶም የሚባሉ፣ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታዩ ረቂቅ ፍጥረታት ይኖሩ ነበር። ዲያቶም ቅርፊቷን የምትሠራው ሲሊካ ከሚባለው፣ ብርጭቆ ከሚሠራበት ነገር ነው። የእሳተ ገሞራው አመድ ወደ ሐይቁ ሲገባ ሲሊካን ስለሚጨምር ዲያቶሞቹ እጅግ ይራቡ ነበር፤ ከእነርሱም የተልባ ልጋግ የመሰለ ዝልግልግ ነገር ይወጣ ነበር። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ዝንብ ወይም ቢራቢሮ በነፋስ ተገፍታ በውሃው ላይ ስትወድቅ ይህ ልጋግ ይጠቀልላትና ከመፈራረስ ይጠብቃት ነበር። ከዚያም ከዲያቶሞቹ ጋር ወደ ሐይቁ ወለል ትሰጥማለች፤ በላይዋም የአመድና የሸክላ ጭቃ ይነጠፍባታል።

ስለዚህ የፍሎሪሳንት ድንጋይ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ነው። አንዱ ገጽ የዲያቶም፣ ሁለተኛው የአመድና የሸክላ ነው፤ የእያንዳንዱም ውፍረት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በስለታም ቢላዋ በዝግታ ሲከፍቱት ድንጋዩ በሁለት ይለያያል፤ በአንዱ ፊት የነፍሳቱ አካል፣ በሌላው ፊት የአካሉ ማኅተም ይገኛል። ከዚህ ስፍራ እስከ ዛሬ ከ1,500 የሚበልጡ የነፍሳትና የሸረሪት ዓይነቶች ተለይተው ታውቀዋል። በውስጣቸውም ጉንዳን፣ ጢንዚዛ፣ ንብ፣ ትንኝ፣ ፌንጣና ቢራቢሮ አሉ።

ያገኟቸው ሰዎች

ይህን መጽሐፍ መጀመሪያ ከገለጡት ሰዎች መካከል አንዲቱ የዩኒቨርሲቲ መምህር ያልሆነች ባላገር ሴት ነበረች። ሻርሎት ሂል የተባለችው ይህች ሴት በ1870ዎቹ ዓመታት ከባሏ ጋር በፍሎሪሳንት ሸለቆ ሰፍራ ትኖር ነበር። ከመሬቷ የምታገኛቸውን ቅሪተ አካላት ሰብስባ ለሊቃውንት ታሳያቸው ነበር። ካገኘቻቸው ሁሉ የላቀው አንድ ቢራቢሮ ነው። ክንፎቹ ተዘርግተው፣ በክንፎቹ ላይ ያለው ዝንጉርጉር መልክ እንኳ ሳይጠፋ በድንጋዩ ላይ ይታያል። ሳሙኤል ስከደር የተባለው የነፍሳት ሊቅ በ1878 ይህን ቢራቢሮ ፕሮድራያስ ፐርሰፎኒ ብሎ ሰየመው፤ ዛሬም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛል። የዕፀዋት ሊቃውንትም ለሻርሎት ሂል መታሰቢያ ይሆን ዘንድ ከዚያው ስፍራ ለተገኘ ጥንታዊ ጽጌረዳ ስሟን ሰጥተውታል። ስከደር ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ በ1890 በሰሜን አሜሪካ ስለ ተገኙ ጥንታዊ ነፍሳት አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ቴዎዶር ኮክረል ከ1906 እስከ 1908 ድረስ ረዳቶቹን እየመራ በስፍራው ቆፈረ።

የቆላ ዝንብ በአሜሪካ

ከፍሎሪሳንት ነፍሳት ሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ቢራቢሮው ሳይሆን አንድ ዝንብ ነው። ኮክረል ከዚያ ድንጋይ የወጡትን ዝንቦች ሲመረምር ከመካከላቸው ፄፄ የሚባለው የቆላ ዝንብ መኖሩን አስታወቀ። ይህ ዝንብ ዛሬ የሚኖረው ከሰሃራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው በአፍሪካ ምድር ነው ማለት ይቻላል። ደም በመምጠጥ ይኖራል፤ ለሰው የእንቅልፍ በሽታን፣ ለከብትም ገንዲን ያስተላልፋል። በአገራችንም በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ባሉት በቆላ ሸለቆዎች ይገኛል። አጎቴ በጊቤ ሸለቆ ገበሬ ነው፤ ሁለት በሬዎቹ በገንዲ ከስተው ከስተው በአንድ ዓመት አልቀውበታል። በዚያም ዓመት ማሳውን ያረሰው በልመና ባገኘው በሬ ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ውስጥ የፄፄን ክንፍ ሥዕል ባየሁ ጊዜ እንደ ባዕድ ነገር አላየሁትም።

«በድንጋይ ላይ የታተመ ዝንብ ፄፄ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ በክንፉ ላይ ተጽፏል። በፄፄ ክንፍ መካከል በጅማቶች የተከበበ፣ መጥረቢያ የመሰለ ክፍል አለ፤ የቤት ዝንብ ይህ ምልክት የላትም። ደግሞም አፉ ወደ ፊት የቀጠለ ረጅም መውጊያ ነው። የፍሎሪሳንቱ ዝንብ ሁለቱንም ምልክቶች ይዟል። ኋላም በጀርመን አገር፣ ዕድሜው ከፍሎሪሳንት ባነሰ ደለል ድንጋይ ውስጥ የፄፄ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። እንግዲህ ዛሬ የአፍሪካ ብቻ ነው የምንለው ዝንብ ቀድሞ በአሜሪካና በአውሮፓም ይኖር እንደ ነበረ ማስረጃው ይህ ነው። ድንጋዩ ባይናገር ኖሮ ይህን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ታዲያ ከአሜሪካ ለምን ጠፋ? የፍሎሪሳንት ሐይቅ ከነበረበት ዘመን በኋላ ብዙ ሳይቆይ ምድር በጠቅላላው እንደ ቀዘቀዘችና በአንታርክቲካ ላይ ታላቅ የበረዶ ክምር እንደ ተሠራ ከባሕር ወለል የተገኙ ደለሎች ያስረዳሉ። ፄፄም ብርድ አይችልም። ስለዚህ ከዚያ ያጠፋው ብርዱ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሊቃውንት ይገምታሉ።

ይህን ለአጎቴ ባጫወትሁት ጊዜ «የእኔን በሬ የገደለው የዛሬው ዝንብ ነው፤ የሞተውን ዝንብ ማጥናት ምን ይረባል?» አለኝ። ብዙ ወላጆችም እንደዚሁ ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ መልሱም እንደሚከተለው ይመስለኛል። የዛሬውን ዝንብ የሚያጠና ሰው ዛሬ የት እንዳለ ያውቃል። የድንጋዩን ዝንብ የሚያጠና ሰው ግን የአየር ጠባይ ሲለወጥ ዝንቡ ወዴት እንደሚሄድና ከየት እንደሚጠፋ ይማራል። ዛሬ የአገራችን ደጋ ከፄፄ የተጠበቀው በብርዱ ነው። ምድር እየሞቀች በምትሄድበት በዚህ ዘመን ያ የብርድ አጥር ወዴት እንደሚሸሽ ማወቅ ለደጋ ገበሬም የሚጠቅም ነገር ነው። የሞተው ዝንብ በሬ አያድንም፤ ነገር ግን ስለ ሕያው ዝንብ ጠባይ ይመሰክራል።

ዕድሜው እንዴት ታወቀ?

«34 ሚሊዮን ዓመት» የሚለው ቍጥር በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። ከነፍሳቱ ጋር በተነጠፈው በእሳተ ገሞራው አመድ ውስጥ ፖታሲየም ያለበት ሳኒዲን የሚባል ማዕድን አለ። ከፖታሲየም አንድ ጥቂት ክፍል በታወቀና በማይለወጥ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ማዕድኑ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን በውስጡ ታስሮ ይጠራቀማል። ነገሩ ከቧንቧ ወደ እንስራ ጠብ ጠብ እንደሚል ውሃ ነው፤ ጠብታው በሰዓት ስንት እንደሆነ ያወቀ ሰው በእንስራው የተጠራቀመውን ለክቶ ከተጀመረ ስንት ሰዓት እንደሆነ ሊናገር ይችላል።

ፍሎሪሳንት ከሁሉ የቀደመ ስፍራ ነው ለማለት አይደለም። በፈረንሳይ አገር ኮማንትሪ በተባለው የድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ ወደ 300 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው ሜጋኒዩራ የተባለ በራሪ ተገኝቷል፤ ይህንም ስም ሻርል ብሮኛር የተባለው ሊቅ በ1885 ሰጠው። ሜጋኒዩራ ዛሬ በኩሬ ዳር ወዲያና ወዲህ ለሚበሩት፣ እንግሊዞች ድራጎንፍላይ ለሚሏቸው ባለ አራት ክንፍ ነፍሳት የሩቅ ዘመድ ነው። ነገር ግን ክንፎቹ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበሩ፤ ይህም ከእርግብ ክንፍ አይተናነስም።

ሊጠፋ የነበረው መጽሐፍ

በ1969 የፍሎሪሳንት ሸለቆ በግል ሰዎች እጅ ነበር። መሬቱን ከፋፍለው የበጋ መዝናኛ ቤቶች ሊሠሩበት ያሰቡ ሰዎች መንገድ ለመጥረግ ቡልዶዘር አዘጋጅተው ነበር። ወረቀት የመሰለው ድንጋይ ግን በቡልዶዘር ሥር ቢወድቅ አቧራ ሆኖ ይቀራል፤ ተመልሶም ሊነበብ አይችልም። በዚህ ጊዜ ጥንታዊ የዕፀዋት ብናኝ ታጠና የነበረችው ኤስቴላ ሊዮፖልድና ሌሎች የአገሩ ሰዎች ተባብረው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን ሥራው ለጊዜው እንዲቆም አዘዘ። በዚያው ዓመት፣ ነሐሴ ወር ሳያልቅ፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ፈረሙበትና ወደ 24 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ስፍራ የሕዝብ ሀብት ሆኖ ተከለለ። የ34 ሚሊዮን ዓመት መጽሐፍ የተረፈው በጥቂት ሳምንታት ክርክር ነው።

በአገራችንስ?

የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ቅሪተ አካል የሚገኘው በአፋርና በኦሞ ቆላ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በአንዱ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽና በሌላው መካከል ባለፉት ዘመናት ሐይቆች ነበሩ። በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በሙሽ ሸለቆ 21 ሚሊዮን ዓመት ከሚበልጠው የሐይቅ ደለል ብዙ ጥንታዊ ቅጠሎች ተገኝተዋል። ሊቃውንት በእነዚህ ቅጠሎች ላይ ነፍሳት የበሏቸውን ቀዳዳዎችና የጠረዙባቸውን ዳርቻዎች አንድ በአንድ መርምረዋል። የበላተኛው አካል በማይገኝበት ጊዜ እንኳ የንክሻው ምልክት ማን ምን ይበላ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ደግሞም ከደጋው ሰሜን ምዕራብ ክፍል የዛፍ ሙጫ ረግቶ እንደ ድንጋይ የሆነ፣ በውስጡም ጉንዳንና ሌሎች ነፍሳት ያሉበት ተገኝቷል። በ2010 በታተመው ጥናት ዕድሜው ወደ 95 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሎ ነበር። ኋላ ግን ሌሎች ሊቃውንት የነፍሳቱን ወገንና የሙጫውን ጠባይ መርምረው ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። ይህን ያነሣሁት ሊቃውንትን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከታተመው ጽሑፍ ይልቅ የነፍሳቱ ምስክርነት የበለጠ መሰማቱን ለማሳየት ነው እንጂ።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድን ነው? ሻርሎት ሂል ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ ዓይኗን ግን ከመሬቷ አላነሣችም። በአገራችንም ለቤት፣ ለአጥርና ለመንገድ ድንጋይ በየቀኑ ይፈለጣል። እንደ ወረቀት የሚነባበር፣ ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ለስላሳ ድንጋይ ያጋጠመው ሰው ከመሰባበሩ በፊት አንድ ጊዜ ይመልከተው። የቅጠል ጅማት ወይም የክንፍ ምልክት ቢታይበት ስፍራውን በደንብ ልብ ይበል፤ ድንጋዩን ግን ነቅሎ ወደ ቤቱ አይውሰደው። ከየትኛው ንብብር እንደ ወጣ ያልታወቀ ቅሪተ አካል ዕድሜው አይታወቅም፤ ከመጽሐፍ እንደ ተቀደደ፣ ቍጥር እንደሌለው ገጽ ነው። በ2000 በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅም ቅሪተ አካል ቅርስ ነው። ስለዚህ ለመምህር ወይም ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት መንገር ይገባል።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የምናጠናበት የትምህርት ቤታችን መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ይታተማል። የደለል ድንጋይ መጽሐፍ ግን በዓለም ሁሉ ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው። ማንበብ የምንችልበት ጊዜ እስኪመጣ ድረስ መጠበቅ የእኛ ፋንታ ነው።